ቴራባይት የደረሰ የፖስትግሬስ ዳታቤዝን ባክአፕ ማድረግና ማመቅ

ዳታቤዙ ትንሽ እያለ ባክአፕ የሚያስጨንቅ ነገር አይደለም። ማታ አንድ ትዕዛዝ ይነሣል፣ ጠዋት ፋይሉ ቁጭ ብሎ ይገኛል። ጣጣው የሚመጣው ያው ትዕዛዝ ከነጋ በኋላም ሳይጨርስ ሲቀር፣ ዲስኩ ሲሞላ፣ ተጠቃሚዎችም «ሲስተሙ ዛሬ ምን ሆኗል?» ማለት ሲጀምሩ ነው።

ይህ መመሪያ ከጥቂት መቶ ጊጋባይት እስከ ጥቂት ቴራባይት የሚደርስ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ሊኑክስ ላይ ለሚያስተዳድሩ ነው። ትዕዛዞቹን በምንጠራቸው መልክ በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ። ተርሚናሉ ላይ ግን በላቲን ፊደል ይገባሉ፤ ቃላቱ በስር ሰረዝ፣ በሰረዝ ወይም ያለ ክፍተት እንደሚያያዙ ከመሣሪያው ሰነድ እዩ። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

1. ከመመለሻው ሰዓት ጀምሩ

ብዙ ሰው የሚጀምረው «ባክአፑ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብሎ ነው። እኔ በተቃራኒው በኩል እንድትጀምሩ እመክራለሁ። ወረቀት ላይ ሁለት ቁጥር ጻፉ። ሰርቨሩ አሁን ቢቃጠል ሥራው ስንት ሰዓት ቆሞ መጠበቅ ይችላል? ከዳታውስ የስንት ሰዓት ሥራ ቢጠፋ ትችሉታላችሁ?

እነዚህን ቁጥሮች የአይቲ ክፍሉ ብቻውን አይወስናቸው። ሥራ አስኪያጁንና ሒሳብ ክፍሉን ጠይቁ። የመጀመሪያው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «ምንም መጥፋት የለበትም፣ ወዲያው መመለስ አለበት» ነው። ለዚያ የሚያስፈልገውን የዲስክና የሰርቨር ዋጋ ስታሳዩአቸው ቁጥሩ ይለሳለሳል። ከዚህ በታች ያለው ምርጫ ሁሉ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ላይ ነው የሚቆመው።

2. ምን እንደተሸከማችሁ እወቁ

«ፒጂ ዳታቤዝ ሳይዝ» የሚባለው ፈንክሽን ጠቅላላውን መጠን ይነግራችኋል። እዚያ ላይ አትቁሙ። ትልልቆቹን አሥር ቴብሎች ለይታችሁ የእያንዳንዱን መጠን ከነኢንዴክሱ (ዳታው ቶሎ እንዲገኝ ከሚረዳው ማውጫ ጋር) እና ያለ ኢንዴክሱ እዩ። ለመጀመሪያው «ፒጂ ቶታል ሪሌሽን ሳይዝ»፣ ለሁለተኛው «ፒጂ ቴብል ሳይዝ» ይሠራል። አንዳንድ ቦታ ኢንዴክሱ ከዳታው በልጦ ይገኛል።

ይህን ስትሠሩ አንድ ደስ የማይል ነገር ሊገጥማችሁ ይችላል። ዳታቤዙን ያሳበጠው ዋናው ሥራ ሳይሆን ማንም የማያነበው የሎግ ቴብል ይሆናል። ወይም አንድ ሰው የተቃኙ ሰነዶችንና ፎቶዎችን እዚያው ውስጥ እየጨመረ ኖሯል። ጄፔግ ቀድሞ የታመቀ ስለሆነ በተለመዱት መሣሪያዎች ብታምቁት እምብዛም አይቀንስም፤ በስካነር የተሠራ ፒዲኤፍም አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያው ነው። ከቻላችሁ ፋይሎቹን ወደ ፋይል ማከማቻ አውጥታችሁ ዳታቤዙ ውስጥ አድራሻቸውን ብቻ ተዉ። ይህ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ከማንኛውም የማመቂያ ዘዴ ይልቅ ግን ይጠቅማል። ወደ ውጭ የወጡት ፋይሎች የራሳቸው ባክአፕ እንደሚያስፈልጋቸው ደግሞ አትርሱ።

የሎግ ቴብሉን በተመለከተ ፒጂ ደምፕ፣ ማለትም ቅጂ የሚያወጣው የፖስትግሬስ መሣሪያ፣ «ኤክስክሉድ ቴብል ዳታ» የሚል አማራጭ አለው። የቴብሉን ቅርጽ ይወስዳል፣ ይዘቱን ይተወዋል።

3. ሎጂካል ወይስ ፊዚካል?

ሎጂካል ቅጂ የሚያወጣው ፒጂ ደምፕ ነው። ዳታውን በኤስኪውኤል በኩል አንብቦ ይጽፋል። የኢንዴክሱን ትርጓሜ እንጂ ኢንዴክሱን ራሱን አይወስድም። ስለዚህ ቅጂው ከዳታቤዙ በብዙ ያንሳል። ስትመልሱት ግን እያንዳንዱ ኢንዴክስ እንደ አዲስ ይሠራል። ፊዚካል ቅጂ ደግሞ የዳታ ፋይሎቹን እንዳሉ ይገለብጣል፣ ከነኢንዴክሳቸው። ሎጂካሉ ሊጥ ነው፣ ፊዚካሉ የተጋገረ እንጀራ። ሊጡ ቦታ አይፈጅም፤ እንግዳው በር ላይ ሲቆም ግን ምጣድ ጥዳችሁ መጋገር ይቀራችኋል።

ለአንድ ቴራባይትና ከዚያ በላይ የእኔ አስተያየት ይህ ነው፤ ዋናው ባክአፕ ፊዚካል ይሁን፣ ሎጂካሉን በሳምንት አንዴ ደርቡበት። ሎጂካሉ አንድ ቴብል ብቻ መመለስ ሲያስፈልግ ወይም ወደ አዲስ የፖስትግሬስ እትም ስትሸጋገሩ ይደርስላችኋል። ፊዚካሉ የሚመለሰው በዚያው ዋና እትም ላይ ብቻ ነው።

ሪፕሊካ (የዋናውን ዳታቤዝ ለውጥ እየተከተለ የሚቀዳ ሁለተኛ ሰርቨር) ስላለን ባክአፕ አያስፈልገንም የሚል ሰው ካለ አትስሙት። አንድ ሰው ተሳስቶ ቴብል ሲሰርዝ ስረዛው በሰከንድ ውስጥ ሪፕሊካው ላይ ይደርሳል።

4. ሎጂካሉን በትይዩ አውጡ

ፒጂ ደምፕ አራት ዓይነት ውጤት አለው፦ ተራ ጽሑፍ፣ ከስተም፣ ዳይሬክቶሪና ታር። ለትልቅ ዳታቤዝ ምርጫው ዳይሬክቶሪ ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ በትይዩ መጻፍ የሚቻለው በእሱ ብቻ ነውና። «ሰረዝ ኤፍ» ብላችሁ «ዲ»ን ስጡት፣ ከዚያ «ሰረዝ ጄ» ብላችሁ የሠራተኞቹን፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚሠሩትን ሂደቶች፣ ቁጥር ጻፉ። ሰርቨሩ አሥራ ስድስት ኮር ካለው በአራት ወይም በስድስት ጀምሩ። ሁሉንም ኮር ለባክአፕ ከሰጣችሁት ተጠቃሚው ይጮኻል። ከሠራተኞቹ ቁጥር አንድ የሚበልጥ ኮኔክሽን እንደሚከፈትም አስቡ።

ሥራው የሚከፋፈለው በቴብል ነው። አንድ ቴብል ብቻውን ስድስት መቶ ጊጋባይት ከሆነ፣ አንድ ሠራተኛ እሱን ተሸክሞ ይውላል፣ ሌሎቹ ጨርሰው ይቀመጣሉ። መፍትሔው ያን ቴብል በወር ወይም በዓመት ወደ ትንንሽ ክፍሎች፣ ወደ ፓርቲሽን፣ መከፋፈል ነው። ያኔ እያንዳንዱ ፓርቲሽን እንደ ራሱ ቴብል ይቆጠራል።

ፒጂ ደምፕ ሲሠራ አንባቢንም ጸሐፊንም አያግድም። ሁሉንም ነገር የሚያየው ሥራውን በጀመረበት ቅጽበት እንደነበረው ነው። ይህ ግን በነጻ አይገኝም። ለረጅም ሰዓት ያን ቅጽበት ይዞ ስለሚቆይ የፖስትግሬስ ጽዳት ሠሪ ቫኪዩም ከዚያ በኋላ የሞቱ (የተሰረዙ ወይም በአዲስ የተተኩ) ረድፎችን ማጽዳት አይችልም። ብዙ ዝመና ያለው ዳታቤዝ ላይ አሥር ሰዓት የሚፈጅ ደምፕ ቴብሎቹን ያሳብጣል። ከተቻለ ደምፑን ከሪፕሊካ ላይ አውጡ። ያኔ ሪፕሊካው ረጅሙን ጥያቄ መሀል ላይ እንዳያቋርጠው መቼቱን ቀድማችሁ ማስተካከል አለባችሁ።

ደግሞም በዚያ ሰዓት ማንም ሰው የቴብል ቅርጽ እንዳይቀይር። በትይዩ እየሠራ ሳለ አንድ ሰው ቴብል ለመቀየር ወረፋ ከያዘ ደምፑ ተሰናክሎ ይቆማል። የፕሮግራመሮቹ ቡድን አዲስ ነገር የሚያወጣበትን ሰዓት ጠይቁ።

ተጠቃሚዎች፣ በፖስትግሬስ አጠራር ሮሎች፣ የሚቀመጡት ከአንድ ዳታቤዝ በላይ ስለሆነ ፒጂ ደምፕ አይወስዳቸውም። ለእነሱ «ፒጂ ደምፕ ኦል» የሚባለውን «ግሎባልስ ኦንሊ» ከሚለው አማራጭ ጋር አስኪዱ። ውጤቱ ጥቂት ኪሎባይት ነው። ሰው የሚረሳውም በዚሁ ምክንያት ነው።

5. ማመቂያውን በራሳችሁ ዳታ ምረጡ

ለረጅም ጊዜ መልሱ ጂዚፕ ነበር። ጂዚፕ የ1992 ሥራ ነው፣ በአንድ ኮር ብቻ ይሠራል። ሠላሳ ሁለት ኮር ያለው ሰርቨር ላይ አንዱ ኮር እየተቃጠለ ሌሎቹ ሲዝናኑ ማየት ያናድዳል። ፒግዚ የሚባለው ወንድሙ ያንኑ ዓይነት ፋይል በብዙ ኮር ይሠራል፤ አሮጌ አሠራር ላይ ከተጣበቃችሁ እሱን ተጠቀሙ።

ዛሬ ግን ያለ ብዙ ክርክር ዚስታንዳርድ ነው። ያን ኮሌ የሠራው ነው፤ የመጀመሪያው ዋና እትም በ2016 ከፌስቡክ ወጣ። ከጂዚፕ የበለጠ ፈጥኖ የተሻለ ያምቃል። ደረጃው ከ1 እስከ 19 ይሄዳል፤ «አልትራ» የሚለውን ከጨመራችሁ እስከ 22። ሳትነግሩት 3 ላይ ይሠራል። የኮር ብዛት የሚወሰነው በትልቁ «ቲ» ነው፤ ዜሮ ስትሰጡት ያሉትን ኮሮች ሁሉ ይጠቀማል።

ደረጃ 19 ያጓጓል። ለየቀኑ ባክአፕ ግን አትግቡበት። ጊዜው በብዙ እጥፍ ይጨምራል፣ የምታተርፉት ቦታ ግን ያን ያህል አይደለም። ከፍተኛ ደረጃ የሚጠቅመው አንዴ ታምቆ ለዓመታት ለሚቀመጥ ማህደር ነው። ዲስካችሁና ኔትወርካችሁ በጣም ፈጣን ሆነው ማመቁ ራሱ ማነቆ ከሆነ ደግሞ ኤልዜድ4 አለ። የሚያምቀው ያንሳል፣ ፍጥነቱ ግን ሌላ ነው።

የሰው ቁጥር አትመኑ፤ የኔንም ጨምሮ። ከትልቁ ቴብላችሁ «ቴብል ሳምፕል ሲስተም» በሚለው አንድ በመቶ ወይም ከዚያ ያነሰ ውሰዱና በ«ኮፒ» ወደ ፋይል አውጡት። ዚስታንዳርድ የራሱ መለኪያ አለው። «ሰረዝ ቢ 1» እና «ሰረዝ ኢ 9» ብላችሁ ፋይሉን ስትሰጡት ከ1 እስከ 9 ያሉትን ደረጃዎች በየተራ ሞክሮ፣ የታመቀውን መጠን፣ የማመቂያውንና የመፍቻውን ፍጥነት ይጽፍላችኋል። ፋይሉ ሚሞሪ ውስጥ ስለሚገባ ናሙናው ጥቂት መቶ ሜጋባይት ይብቃው።

የአማርኛ ጽሑፍ የበዛበት ዳታቤዝ ካላችሁ ደስ የሚል ነገር ታያላችሁ። በዩቲኤፍ 8 አንድ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፤ የእንግሊዝኛው አንድ ብቻ። የፊደል ገበታችን ዋናው ክፍል ላይ ግን ከሦስቱ ባይቶች የመጀመሪያው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከስድስት ዋጋዎች አንዱ ነው። እንዲህ ያለ ድግግሞሽ ማመቂያ የሚወደው ነው። ዲስክ ላይ ሦስት እጥፍ ያስከፈለን ፊደል ባክአፑ ላይ ብዙውን ይመልሳል።

ፖስትግሬስ 16፣ የ2023ቱ፣ ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ካላችሁ ዚስታንዳርድን ፒጂ ደምፕ ራሱ ያውቀዋል። «ኮምፕረስ» በሚለው አማራጭ ስሙንና ደረጃውን በሁለት ነጥብ ለይታችሁ ትጽፋላችሁ። ከዚያ በፊት ባለው እትም ላይ ዳይሬክቶሪውን በማመቂያ ዜሮ አውጥታችሁ ፋይሎቹን በኋላ በዚስታንዳርድ ማመቅ ትችላላችሁ። ለጊዜው ብዙ ባዶ ዲስክ ይፈልጋል፤ ለመመለስም መጀመሪያ መፍታት ይኖርባችኋል።

6. ፊዚካሉና የዋል ፋይሎቹ

ፒጂ ቤዝባክአፕ ከፖስትግሬስ ጋር አብሮ ይመጣል። ከእትም 15 ጀምሮ ዚስታንዳርድንና ኤልዜድ4ን ያውቃል፤ ማመቁን ሰርቨሩ በኩል እንዲያደርገውም ማዘዝ ይቻላል። ኔትወርኩ ቀጭን ከሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በገመዱ የሚያልፈው የታመቀው ነውና። ግን በአንድ መስመር ብቻ ስለሚገለብጥ ብዙ ቴራባይት ላይ ይዘገያል። እዚያ ደረጃ ላይ ፒጂ ባክሬስትን ተመልከቱ። በትይዩ ይገለብጣል፣ ያምቃል፣ ሙሉውን አንዴ ወስዶ ከዚያ የተለወጠውን ብቻ ይጨምራል። የተቋረጠ ባክአፕንም ካቆመበት መቀጠል ይችላል። መብራት በየሰዓቱ ብልጭ ድርግም በሚልበት ቦታ ለምትሠሩ ይህ የመጨረሻው ባሕርዩ ብቻውን ያስመርጠዋል። ፒጂ ደምፕ መሀል ላይ ከተቋረጠ ከዜሮ ነው የሚጀምረው።

ከእትም 17 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2024፣ ፖስትግሬስ ራሱ የተለወጠውን ብቻ መውሰድ ይችላል። «ሰመራይዝ ዋል» የሚለውን መቼት አብሩ፣ ለፒጂ ቤዝባክአፕ ያለፈውን ባክአፕ ማኒፌስት (የፋይሎቹን ዝርዝር የያዘውን ፋይል) ስጡት። ስትመልሱ ክፍሎቹን የሚያገጣጥመው «ፒጂ ኮምባይን ባክአፕ» ነው። ሰንሰለቱን አታርዝሙ። አንዱ ቀለበት ከጠፋ ከእሱ በኋላ ያሉት ሁሉ ዋጋ የላቸውም። በሳምንት አንዴ ሙሉ መውሰድ ልከኛ ነው።

በሁለት ባክአፕ መካከል ያለውን ጊዜ የሚሸፍነው የዋል ፋይሎች ማህደር ነው። ዋል ማለት ፖስትግሬስ እያንዳንዱን ለውጥ አስቀድሞ የሚጽፍበት መዝገብ ነው፤ በ16 ሜጋባይት ቁርጥራጮች ይከፋፈላል። «አርካይቭ ሞድ»ን አብርታችሁ ቁርጥራጮቹን ወደ ሌላ ማሽን ላኩ። ያኔ ዳታቤዙን ማክሰኞ ከሰዓት 8:14 ላይ ወደነበረበት፣ አንድ ሰው ተሳስቶ ቴብል ከመሰረዙ አንድ ደቂቃ በፊት፣ መመለስ ትችላላችሁ።

የሚያሰጋው አንድ ነገር አለ። መቀበያው ማሽን ከሞላ ወይም ከጠፋ ፖስትግሬስ ያልተላኩትን ቁርጥራጮች አይጥልም፣ ያከማቻቸዋል። ዲስኩ እስኪሞላ ድረስ። ከዚያ ዳታቤዙ ራሱ ይቆማል። ስለዚህ የዋል ዳይሬክቶሪው መጠን ላይ ማንቂያ አድርጉ።

7. ዝም ያለ ባክአፕን አትመኑ

ጃንዋሪ 31፣ 2017 የፕሮግራም ኮድ ማከማቻ አገልግሎት በሚሰጠው ጊትላብ ላይ የደረሰውን ኩባንያው ራሱ በዝርዝር ጽፎ ለሕዝብ አውጥቶታል። አንድ መሐንዲስ ሌሊት ላይ ሪፕሊካው ላይ ያለ መስሎት የዋናውን ሰርቨር የዳታ ዳይሬክቶሪ ሰረዘ። ወደ 300 ጊጋባይት የሚጠጋ ዳታ ሄደ። ወደ ባክአፑ ሲሄዱ ማከማቻው ባዶ ነበር። ሰርቨሩ ፖስትግሬስ 9.6 ሆኖ ሳለ ባክአፑን የሚያወጣው ፒጂ ደምፕ የ9.2 ነበር። አሮጌ ፒጂ ደምፕ ከራሱ ከሚበልጥ ሰርቨር ቅጂ አይወስድም፤ ስሕተት ጽፎ ይወጣል። ስሕተቱን የሚያሳውቀው ኢሜይል ደግሞ ተቀባዩ ጋር ሳይደርስ ውድቅ ይደረግ ነበር። ያዳናቸው ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት የተወሰደ የዲስክ ቅጽበታዊ ቅጂ ነው። የእነዚያ ስድስት ሰዓታት ዳታ ግን ጠፍቶ ቀረ።

ስለዚህ ስክሪፕታችሁ ውስጥ እነዚህ ይኑሩ። ደምፑን በፓይፕ (የአንዱን ትዕዛዝ ውጤት በቀጥታ ለሌላው በማቀበል) ወደ ማመቂያው የምትልኩ ከሆነ መጀመሪያው ላይ «ፓይፕፌይል» የሚለውን የባሽ መቼት አብሩ። ያለ እሱ ፒጂ ደምፕ ቢወድቅም ማመቂያው ያገኘውን ግማሽ ፋይል በደንብ ዘግቶ «ተሳክቷል» ይላል። ፋይሉን በጊዜያዊ ስም ጻፉ፣ ሲጨርስ ብቻ ስሙን ቀይሩለት። አዲሱ ካለፈው በጣም ካነሰ ይጩህ። አሮጌውን የሚሰርዘው መስመር አዲሱ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ይምጣ። ማንቂያውም ሲወድቅ ብቻ ሳይሆን በቀጠሮው ሰዓት የስኬት መልእክት ሲቀርም ይምጣ። ኢሜይል ብቻ አይሁን፤ ሰው በስልኩ የሚያየው ነገር ይሁን።

የታመቀውን ፋይል በዚስታንዳርድ «ሰረዝ ትንሿ ቲ» ፈትሹ። ይህ ፋይሉ አለመበላሸቱን እንጂ ውስጡ ያለው ሙሉ መሆኑን አይነግርም። ለፊዚካሉ ከ2020 ጀምሮ «ፒጂ ቬሪፋይ ባክአፕ» አለ። የታር ፋይልን መፈተሽ የቻለው ግን በእትም 18 ነው፤ ከዚያ በፊት ያላችሁ ፈትታችሁ ነው የምትፈትሹት።

8. ከሕንፃው አውጡት

እዚያው ሰርቨር ላይ የተቀመጠ ባክአፕ ከሰርቨሩ ጋር ይቃጠላል። ወደ ውጭ ስትልኩ መጀመሪያ ሒሳቡን ሥሩ። አንድ ቴራባይት በሴኮንድ 100 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር 22 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ያውም መስመሩ ሳይወላውል። ወደ 300 ጊጋባይት ከታመቀ ከ7 ሰዓት ያንሳል። ለመላኩ «አርሲንክ» የሚባለውን የፋይል መገልበጫ «ፓርሻል» ከሚለው አማራጭ ጋር ብትጠቀሙ የተቋረጠው ካቆመበት ይቀጥላል። ኢንተርኔቱ የማይችለው ከሆነ ሁለት ተነቃይ ዲስኮች እየተፈራረቁ በየሳምንቱ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ይሂዱ። አያምርም፣ ይሠራል። ዲስኩ ፋት 32 ከሆነ ግን ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም።

መመስጠር ካለባችሁ፣ ደግሞም አለባችሁ፣ መጀመሪያ አምቁ ከዚያ መስጥሩ። የተመሰጠረ ዳታ ድግግሞሽ ስለሌለው አይታመቅም። ባክአፑ ውስጥ ያለው የሰዎች ስም፣ ስልክና ሒሳብ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ይህ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው) ባክአፕ ላይ ያለውንም የግል መረጃ የሚመለከት እንደሆነ አድርጋችሁ ተዘጋጁ። ቁልፉን እዚያው ሰርቨር ላይ ብቻ አታስቀምጡ። ሰርቨሩ ሲጠፋ ቁልፉም አብሮ ይጠፋል፣ የቀረው ባክአፕም ለማንም የማይፈታ እንቆቅልሽ ይሆናል።

9. መልሱት

ሌላ ማሽን አዘጋጁ፣ ሰዓት ያዙ፣ መልሱ። ሎጂካሉን በፒጂ ሪስቶር በትይዩ መመለስ ይቻላል፤ እዚህም «ሰረዝ ጄ» ነው። ለኢንዴክስ ሥራው «ሜይንተናንስ ወርክ ሜም»ን ከፍ አድርጉ፣ «ማክስ ዋል ሳይዝ»ንም ጨምሩ። ሲያልቅ «አናላይዝ» አስኪዱ። ያለዚያ ዳታው ሙሉ ሆኖ ጥያቄዎቹ ሁሉ ይንቀራፈፋሉ፣ እናንተም የሌለ ችግር ስትፈልጉ ታመሻላችሁ።

ፊዚካሉን ስትመልሱ የሊኑክሱን እትም ተጠንቀቁ። በ2018 የወጣው ጂሊብሲ 2.28፣ የሊኑክስ መሠረታዊ ላይብረሪ፣ የፊደላትን ቅደም ተከተል በሰፊው ቀይሯል። ከዚያ በፊት ባለ ሊኑክስ ላይ የተሠራ ዳታቤዝ ፋይሎቹ እንዳሉ ወደ አዲሱ ከተገለበጡ፣ በጽሑፍ ላይ የተሠሩ ኢንዴክሶች በድሮው ቅደም ተከተል እንደተደረደሩ ይቀራሉ። ስም ትፈልጋላችሁ፣ አለ፣ ግን አይገኝም። እነዚያን ኢንዴክሶች እንደገና ሥሯቸው።

ከዚያ የትልልቆቹን ቴብሎች የረድፍ ብዛት ከዋናው ጋር አነጻጽሩ። የመጨረሻው መዝገብ የስንት ሰዓት እንደሆነ እዩ። አፕሊኬሽኑን ከዚያ ማሽን ጋር አገናኝታችሁ አንድ የዕለት ተዕለት ተጠቃሚ ለጥቂት ደቂቃ እንዲሠራበት አድርጉ።

የፈጀውን ሰዓት በክፍል 1 ወረቀት ላይ ከጻፋችሁት ቁጥር ጋር አስተያዩት። ከበለጠ ወይ አሠራሩን ቀይሩ ወይ ቁጥሩን ከአለቆቻችሁ ጋር እንደገና ተነጋገሩበት። የመመለሻውን ቅደም ተከተል ደግሞ አትማችሁ ከሰርቨር ክፍሉ ውጭ አስቀምጡ፤ ቀጣዩን ሙከራ ስክሪፕቱን ያልጻፈ ሰው ከዚያ ወረቀት ብቻ እያነበበ ይሥራው።